የፍላነሪዎችን ሬሳ የጣልኩ ዕለት

በዚያ ዕለት የሠራሁትን ሞኝነት መጀመሪያ ተናግሬ ልገላገል፦ የማላውቀውን ሰው ሬሳ ተሸከምኩ። ማንም አልለመነኝም፣ ማንም አልጠራኝም። እንዲያውም ሰው እንዳይገባ መንገዱ ግራና ቀኝ በብረት አጥር ተከልሏል። አጥሩን ዘልዬ ገባሁ። «ዘልዬ» ስል እንደ ጎረምሳ ተስፈንጥሬ እንዳይመስላችሁ፤ አንዱን እግሬን አሻገርኩ፣ ሁለተኛውን በሱሪው ይዤ ጎትቼ አስከተልኩት፣ ከዚያ ትከሻዬን ሰጠሁ። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ደግሞ ከዕድሜዬ ቀን ሁሉ ይልቅ እጄን ሰብስቤ፣ አፌን ዘግቼ፣ ግድግዳ ተጠግቼ መሄድ በነበረብኝ ቀን ነው።

ቀኑ የሲቲዝንሺፕ መሐላዬ ቀን ነበር። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ሴይንት ፖል መሀል ከተማ ካለው ፍርድ ቤት ቀርቤ፣ ቀኝ እጄን አንስቼ አሜሪካዊ ልሆን። ኢንተርቪውን ካለፍኩ በኋላ የነበሩትን ወራት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው የሚያውቁት እግዚአብሔርና ባለቤቴ ዘነበች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ታዝበውኛል። ጥፋቱ የቶሎሳ ነው። ቶሎሳ ሚኒያፖሊስ፣ ፊሊፕስ ሰፈር፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖር የአርሲ ልጅ ነው። ታክሲ ይነዳል። ከእኔ ቀድሞ ስለማለ በመሐላ ጉዳይ ሊቅ ሆኗል።

«ጋሼ፣» አለኝ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አቁሞ፣ «ፓስ አደረግሁ ብለው እንዳይዘናጉ። የመሐላው ቀን በሩ ላይ እንደገና ይጠይቁዎታል። ከኢንተርቪው ወዲህ ታስረዋል ወይ? ማኅበር ገብተዋል ወይ? ክለብ? ፓርቲ? ሁሉንም ‹ኖ› ብሎ ማለፍ ነው። አቦ፣ እንዳይቀባጥሩ!»

«እኔ ምን እቀባጥራለሁ?»

«እርስዎ? ባለፈው ሐኪሙ ‹እንዴት ነዎት› ቢልዎት መልሱን ሳይጨርሱ ቀጠሮው አለቀ!»

እኔ ደግሞ ፍርሃት ሲሰጡኝ አብዝቼ የምወስድ ሰው ነኝ። ወዲያው ቤት ገብቼ ኪሴን ፈተሽኩ። የሱፐርማርኬቱ የቅናሽ ካርድ ላይ «ክለብ» የሚል ቃል አየሁና በመቀስ ቆራረጥኩት፤ ዘነበች የሁዳዴን ምስር በሙሉ ዋጋ ገዛች። እድራችንን በእሷ ስም አዛወርኩ። ቤተ ክርስቲያን ለጣሪያ ጥገናው ኮሚቴ ሲመርጡኝ ለመቃወም እጄን አወጣሁ፤ እጁን ያወጣ ተስማምቷል ብለው ስሜን ሊጽፉ ሲሉ በጓሮ በር ወጥቼ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ሰው ጋር እንኳ አብሬ መቆም ፈራሁ። ሦስተኛ ሰው ከመጣ ማኅበር ይሆናል።

እንግዲህ የመሐላው ቀን ቶሎሳ በታክሲው አደረሰኝ። ዘነበች ከሥራዋ በቀጥታ ልትመጣ ተነጋግረናል። ጥቁሩን ሙሉ ልብሴን ለብሻለሁ። ይህን ልብስ ስትገዛልኝ «ለመሐላውም ይሆናል፣ ለሌላውም ይሆናል» ብላ ነበር። ሌላው ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ በዚህ ዕድሜ ጥያቄ አላበዛም።

ቶሎሳ መሀል ከተማ ስንደርስ ፍሬን ያዘ። «መንገዱ ዝግ ነው ጋሼ። ፍርድ ቤቱ ከዚያ ማዶ ነው፣ ቀጥ ብለው ይሂዱ። እኔ ልሩጥ፤ ዛሬ ሰው የሚጠጣበት ቀን ነው፣ ታክሲ ይፈለጋል።»

ሰው ለምን ዛሬ እንደሚጠጣ አልጠየቅሁትም። የአየርላንድ ሰዎች በዓል የሚሉት፣ አረንጓዴ የሚለበስበት ቀን እንዳለማ አውቃለሁ። የምሠራበት ፓርኪንግ ውስጥ አንድ ዓመት በዚሁ ቀን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ክንዴን ቆንጥጣኝ፣ «አረንጓዴ አልለበስክማ!» ብላ ስትስቅ፣ ለአለቃ ልንገር ወይስ ለዘነበች ብዬ ሳመነታ ሰነበትኩ። ለማንም አልነገርኩም። ግን ይህ ቀን ሰልፍ እንዳለው፣ ሰልፉም ሬሳ እንዳለው ማን ነገረኝ?

ጥግ ዞሬ ወደ ትልቁ መንገድ ብቅ አልኩ። ሰው እንደ አሸዋ! ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ለብሷል። ባንዲራ ይውለበለባል፣ ከበሮ ይመታል፣ ፖሊሶች በፈረስ ላይ ሆነው ቁልቁል ያያሉ። እኔ በሀገሬ ሁለት ዓይነት ሰልፍ አውቃለሁ፤ አንዱ ካልወጣህ የምትታሰርበት ነው፣ ሌላው ከወጣህ የምትታሰርበት ነው። ይህኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን አየሁ። ይስቃሉ። ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ፤ በመጀመሪያውም ዓይነት ሰልፍ ላይ ስቀን ነበር፣ ሳቁ ተብለን።

መንገዱን ግን መሻገር አለብኝ። አንዱን ፖሊስ በትሕትና «ልለፍ?» ብለው «ሰልፉ ሲያልቅ» አለኝ። መቼ እንደሚያልቅ ብጠይቀው ከንፈሩን ነከስ አድርጎ ሰልፉን አይቶ ሳቀ። ሰዓቴን አየሁ። ገና ነው፣ ግን እንደ እኔ ያለ ሰው ገና ሲሆን ነው የሚረፍድበት። ብዘገይ ይሰርዙኛል፣ ሲሰርዙኝ ፋይሌ ይጠፋል፣ ፋይሌ ሲጠፋ እኔም እጠፋለሁ፤ እዚያው ቆሜ ይህን ሁሉ በላብ ጨረስኩ፣ በረዶው ላይ።

በዚህ መሀል ከበሮው ጸጥ አለ። ከረጢት ብብታቸው ሥር ወትፈው የሚነፉት መለከት፣ ባግፓይፕ የሚሉት፣ ቀስ ያለ የለቅሶ ዜማ ጀመረ። ዜማው የእኛን ሀገር ሰው አያውቅም፣ ግን አንጀት የት እንዳለ ያውቃል። ከመለከተኞቹ ኋላ ጥቁር የለበሱ ስድስት ሰዎች የሬሳ ሳጥን ተሸክመው መጡ። ሳጥኑ እውነተኛ ነው፣ ጣውላው፣ እጀታው። የተሸካሚዎቹ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ ባዶ ሳጥን እንዲህ አያንቀጠቅጥም።

ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ዘወር ብዬ ሳይ ከእኔ በቀር ባርኔጣ ያወለቀ የለም። አጠገቤ ያለው ሰው ቢራውን እየጠጣ ለሬሳው ያጨበጭባል! ምን ዓይነት ሕዝብ ነው? ሬሳ በፊቱ ሲያልፍ እንዲህ ይሆናል? እኛ ዘንድ የተቀመጠ ይነሣል፣ ጥቂት እርምጃ ይሸኛል፣ የማን ሬሳ እንደሆነ አይጠየቅም። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ደክሞ ከታየ ደግሞ ትከሻ ይለወጣል። ከኋላ በግራ በኩል የያዘው ወፍራም ሽማግሌ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ሁለተኛ ሬሳ ሊወጣ ነው ብዬ ሰጋሁ።

ዋሽቼ ራሴን ደግ አላደርግም። ግማሹ ሐዘን ነበር፣ ግማሹ ብልጠት። አሳዝኖኛል፤ ደግሞም በሬሳው አሳብቤ መንገዱን እሻገራለሁ፣ ትንሽ ሸኝቼ በማዶው በኩል ሹልክ እላለሁ ብዬ አስቤያለሁ። ገባሁና የሽማግሌውን ትከሻ ነካ አድርጌ «እኔ ልያዝልዎ» አልኩ። ሰውየው እንደ መልአክ አየኝ። ማዕዘኑን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፣ «እግዚአብሔር ይባርክህ!» አለ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ቢራ ሻጩ ሄደ። አልተመለሰም።

ሹልክ ማለት ቀርቶ መተንፈስ አቃተኝ። እኔ አጭር ነኝ፣ ሌሎቹ ረጃጅም ናቸው፤ ሳጥኑ ወደ እኔ ያዘነብላል። ብለቅ ይወድቃል። ማዶ ያለው አጥር በአጠገቤ እያለፈ ይሄዳል፣ ፍርድ ቤቱም። በፊቴ የተሸከመውን ጎልማሳ በሹክሹክታ ጠየቅሁት፦

«ማን ናቸው የሞቱት?»

«አያቴ።»

«ነፍሳቸውን ይማር። ምን ገደላቸው?»

«አሜሪካ» አለ ሳይዞር።

እኔ ከትንሽ ጊዜ በኋላ አሜሪካዊ ልሆን ነው፤ ሰውየው ደግሞ የገዳዩን ስም እየነገረኝ ነው። ተጨማሪ አልጠየቅሁም። አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርኩ።

«ፈቃድህ በሰማይ እንደሆነች» ላይ ስደርስ ሳጥኑ ከውስጥ ተንኳኳ።

ልቤ ነው አልኩ። ልቤ ደግሞ እንዲህ አያንኳኳም፤ ይሄኛው አጥንት በጣውላ ላይ ነው። ጆሮዬ ከሳጥኑ ጋር ተጣብቋል፣ መሸሻ የለውም። ደግሞ አንኳኳ። ከዚያ ከጣውላው ማዶ፣ እጆሮዬ ሥር፣ ወፍራም ድምፅ እንዲህ አለኝ፦

«ከኋላ በግራ ያለኸው! ዝቅ አልክብኝ እኮ!»

ልብ በሉልኝ። ሬሳ መናገሩ አንድ ነገር ነው። ሬሳው ለይቶ ለእኔ መናገሩ ሌላ ነው። ከስድስት ተሸካሚ እኔን ነው ያወቀኝ። ክዳኑ ጓ ብሎ ተከፈተ፣ ኖራ የመሰለ እጅ ወጥቶ ኮሌታዬን ጨበጠ።

«በስመ አብ!» ብዬ ጮህኩና ለቀቅሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በከፊል ነው ያየሁት፤ ዓይኔን ጨፍኜ እየሮጥኩ ነበርና። ሳጥኑ አዘነበለ፣ ሬሳው በእግሩ በኩል ተንሸራትቶ ወጣና በቀለጠው በረዶ ጭቃ ላይ ዘጭ አለ። የግራ እግር ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ። ከኋላ የሚመጣው የእሳት አደጋ መኪና ቀስ ብሎ፣ በክብር፣ ጫማዬ ላይ ወጣበት። ሕዝቡ ፈነደቀ! ጭብጨባው ሰማይ ነካ። እንደዚያ የተጨበጨበልኝ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

ጥቂት ሳልሮጥ ክንዴ ተያዘ። ፖሊስ ነው። «ጌታዬ፣ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነዎት?»

እንግሊዝኛዬ የፓርኪንግ እንግሊዝኛ ነው፤ «ቲኬትዎን ያሳዩኝ» እና «መውጫው በዚያ ነው» ላይ ጎበዝ ነኝ። በዚያች ደቂቃ ግን እሱም ጥሎኝ ሄደ። የቶሎሳ ድምፅ ብቻ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው፦ «ከኢንተርቪው ወዲህ ታስረዋል ወይ?» አሁን ካሰረኝ መልሱ «የስ» ነው። በልዩ ልዩ ምክንያት ሊያስሩኝ ይችሉ የነበሩ መንግሥታትን ሁሉ አምልጬ፣ ሬሳ በመጣል ልታሰር ነው።

ያን ጊዜ ሬሳው ከጭቃው ላይ ተቀምጦ፣ ለሕዝቡ ሊበትን ከያዘው ከረሜላ እያኘከ፣ እጁን አነሣ። «ተወው ኦፊሰር! የእኛ ነው። ፍላነሪ ነው።»

ፖሊሱ ዱቄት የተቀባውን የሬሳውን ፊት አየ። የእኔን ፊት አየ። ደግሞ የሬሳውን አየ።

«በእናት በኩል» አለ ሬሳው።

ፖሊሱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ለቀቀኝ። ሬሳው ጂም ይባላል፤ ሰማንያን ያለፈ ሰው ነው። ቁመቱ እንደ እኔ አጭር ነው፣ እግሩ ብቻ ነው ለብቻው ያደገው። እጁን ሰጥቶኝ አነሣሁት። ሞቃት እጅ ነው። እጁን ይዤ ቆየሁ፣ ለማረጋገጥ።

ሴት ልጁ ሞሪን ከሳጥኑ ፊት ሰፊ አረንጓዴ የመፈክር ጨርቅ ይዛ ስትሄድ የነበረችው ናት። ጨርቁ ላይ የተጻፈው እንግሊዝኛ እንዳልሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ፊደሉም ጥምዝምዝ ያለ ሌላ ነው። የማላነበውን መፈክር ተከትዬ ስንት መንገድ እንደሄድኩ ሳስብ ላብ አጠመቀኝ። ሞሪን ደግሞ ሳትጠይቀኝ አረንጓዴ ጥብጣብ ያለው የቆርቆሮ ባጅ ደረቴ ላይ ሰካች።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩ። «ክለብ ነው?»

«ክለብ አይደለም። ቤተሰብ ነው። የፍላነሪ ቤተሰብ።»

ተነፈስኩ።

«በዓመት አንዴ እንሰበሰባለን። ፕሬዚዳንት እንመርጣለን።»

«ፕሬዚዳንት አላችሁ?»

«እኔ ነኝ» አለች በኩራት።

ባጁን ላወልቀው ብሞክር መርፌው ከልብሴ ጋር ተያይዞ እንቢ አለ። ልብሱ እንዳይቀደድ ተውኩት። ለሌላውም ይሆናል ተብሎ የተገዛ ልብስ ነው።

ጂም ባዶ እግሬን አየ፣ ካልሲዬ በረዶ ጠጥቶ ከብዷል። ጫማውን አወለቀና ሁለቱንም ሰጠኝ። «ያዝ። የሞተ ሰው ጫማ ምን ያደርግለታል?» አለና ተመልሶ ሳጥኑ ውስጥ ተጋደመ፣ ክዳኑን ሳይዘጋ። እምቢ ብል የሚቆጣ ሬሳ ነው። ጫማው ትልቅነቱ! ውስጡ ገብቼ ስሄድ መጀመሪያ እኔ እሄዳለሁ፣ ጫማው ቆይቶ ይመጣል። አጥሩ እዚያ ጋ መውጫ የለውም፣ በዚህ ጫማ ደግሞ አይዘለልም፣ ስለዚህ ከሳጥኑ ጎን ጎን መሄድ ግድ ሆነ። በእኔ ቦታ ሞሪን ራሷ መፈክሩን ለሌላ ሰጥታ ገባች፤ ጥሩ ትሸከማለች፣ ዝቅ አላለችም።

«አሜሪካ ገደለው ያለኝ የልጅ ልጅህ ምን ማለቱ ነው?» አልኩት ጂምን። ከሬሳ ጋር እየተጨዋወቱ መሄድ ይለመዳል፤ ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

«የአያቴን አያት ሆኜ ነው እኔ የምሠራው» አለ፣ ሰማዩን እያየ። «ከአየርላንድ ሲወጣ በመጨረሻው ሌሊት መንደሩ በሙሉ እናቱ ቤት ተሰበሰበ። ለቅሶ ተቀመጡለት፣ ልክ እንደ ሬሳ። ወደ አሜሪካ የሄደ አይመለስማ። በቁሙ አለቀሱለት፣ ጠጡለት፣ ጨፈሩለት፣ ሲነጋ እስከ መንገዱ ጫፍ ሸኙት። ሳጥኑን በየዓመቱ የምንሸከመው ለዚያ ነው። እዚያ ሞተ፣ ሴይንት ፖል ሲደርስ ተነሣ። አንተ ትንሽ አስቀድመህ አስነሣኸው እንጂ።»

ለእኔ ይሄ ተረት አልነበረም። እኔ ስወጣ እኅቴ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ደረቷን እየመታች፣ ስሜን እየጠራች፣ ሙሾ እያወረደች ስታለቅስ ጥበቃው ደንግጦ «ሬሳው የታል?» ብሎ ጠየቃት። «ይኸው!» ብላ እኔን አሳየችው። ሻንጣዬን ይዤ ቆሜ! በወቅቱ አፍሬባታለሁ። ይህን ለጂም ብነግረው ሳጥኑ እስኪነቃነቅ ሳቀ።

«ታዲያ አንተም አንዴ ሞተሃል!»

«ዛሬ ደግሞ ሁለተኛዬ ነው» አልኩና መሐላውን ነገርኩት።

ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «ዛሬ? ስንት ሰዓት?» ነገርኩት። ሰዓቱን አየ። የሞተ ሰው እንዲህ ሲደነግጥ አይቼ አላውቅም። «ሞሪን! አዙሩ! ወደ ፍርድ ቤቱ!»

«አይሆንም!» አልኩ። «እለምናችኋለሁ! ብቻዬን እሄዳለሁ!»

«ፍላነሪ ብቻውን ፍርድ ቤት አይሄድም» አለች ፕሬዚዳንቷ።

ስለዚህ አጥሩ ክፍት የሆነበት መስቀለኛ መንገድ ስንደርስ ከሰልፉ ተገንጥለን ወጣን። አስቡት እስቲ። በዚያ ዘመን ወደ መንግሥት ሕንፃ ቦርሳ ይዞ መጠጋት የሚያስጨንቅበት ጊዜ ነው። እኔ የምመጣው ከሬሳ ሳጥን ጋር ነው፣ በመለከት ታጅቤ፣ የማይነበብ መፈክር ከፊቴ እየተውለበለበ። ከሕንፃው ሁለት ጥበቃዎች ወጡ፣ እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው። መለከቱ በየተራ ተንጫጭቶ ቆመ።

«ሳጥኑ ውስጥ ምንድነው?» አለ አንደኛው።

«እኔ» አለ ጂም።

ጥበቃው ጎንበስ ብሎ አየው። ጂም የቀረችውን ከረሜላ ሰጠው። ጥበቃው አልወሰደም፣ ግን እጁን ከወገቡ አነሣ። «ሳጥኑ ከመንገዱ አይለፍ። የሚምለው ማነው?» ሁሉም በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ። ከብዙ ዓመት በፊት እኅቴ እንዳደረገችው።

በር ላይ ፍተሻው ውስጥ ሳልፍ ባጁ ጮኸ። ደረቴን እየነኩ ፈተሹኝ፣ ጫማውን አውልቅ አሉኝ፤ ጫማውን ሳየው እኔንም አሳቀኝ፣ ሳቄን ደግሞ በፍርሃት ዋጥኩት። አዳራሹ በር ላይ ሸበቶ ወይዘሮ ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች። የመጣው ሰው ሁሉ በ«ኖ» ያልፋል። ተራዬ ደረሰ።

«ከኢንተርቪውዎ ወዲህ ታስረው ያውቃሉ?»

«ሊያስሩኝ ነበር» አልኩ። «ዘመድ አስጣለኝ።»

ቀና አለች። ቶሎሳ ሆይ፣ ይቅር በለኝ። እኔ ልምል የመጣሁ ሰው ነኝ፤ መሐላ በር ላይ ዋሽቼ ከገባሁ ውስጥ የምምለው ምኑን ነው?

«ማኅበር፣ ክለብ፣ ወይም ተመሳሳይ ቡድን ገብተዋል?»

ወራት ሙሉ የሸሸሁት ጥያቄ ነው፤ ካርድ የቆረጥኩለት፣ ከቤተ ክርስቲያን የሮጥኩለት። መልሱ ደረቴ ላይ ተሰክቶ ያብረቀርቃል።

«የስ» አልኩ። «ዛሬ። እኩለ ቀን ላይ። በስህተት ነው። ሬሳ መሰለኝ። ተሸከምኩ። ሬሳው ተናገረኝ። ጣልኩት። ፕሬዚዳንት አላቸው። መፈክሩን ማንበብ አልቻልኩም። ጫማውም የሬሳው ነው።»

ወይዘሮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እኔን አየች፣ ባጁን አየች፣ ጠረጴዛውን ተደግፋ ጫማውን አየች። ወንድሞቼ፣ እዚያች ላይ የፈራሁትን ያህል ሬሳው ሲናገረኝ አልፈራሁም። ሬሳው ፋይሌን አልያዘም።

ከዚያ የኮቷን ኮሌታ ቀስ ብላ ገለበጠች። ከሥሩ አረንጓዴ ቅጠል የመሰለች ትንሽ ጌጥ ተሰክታለች። «ጌታዬ፣» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይሄ ማኅበር ከሆነ ዛሬ ዳኛውንም ከበር መመለስ ሊኖርብኝ ነው።» እጇን ወደ አዳራሹ ዘረጋች። «ይግቡ። ጫማዎ እንዳይጥልዎ።»

ዘነበች ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ስገባ አየችኝ። መጀመሪያ ጥብጣቡን፣ ቀጥሎ ጫማውን። እጄን አንስቼ ስምል ዓይኗን ከጫማው አላነሣችም። ሲያልቅ መጥታ ክንዴን ያዘች፦

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ቀብር ደረሰብኝ።»

«እግዚኦ! ማን ሞተ?»

«ጂም።»

«ጂም ማነው?»

«ዘመዴ ነው» አልኳት። «ደህና ነው፣ ውጭ ቆሟል።»

ዘነበች ያን ቀን እስኪመሽ አላናገረችኝም።

በማግስቱ ጫማውን ጠርጌ ቀለም ቀባሁ፤ ቶሎሳም ሴይንት ፖል ጂም ቤት አደረሰኝ። መንገዱን ሙሉ «‹ኖ› ማለት ምን ይከብዳል፣ አቦ!» እያለ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ጂም ጫማውን ተቀብሎ አየና «ከሰጠሁህ ጊዜ ይልቅ አምሯል» አለ። ጣጣዬን ጨረስኩ ብዬ ልሰናበት ስል ክንዴን ይዞ ወደ ጋራዡ ወሰደኝ። ሳጥኑ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ጫማው ተከፍሏል» አለ። «አንድ ነገር ግን አለብህ። በእኛ ቤት ሬሳ የጣለ ሰው በሚመጣው ዓመት ሳጥኑ ውስጥ ይተኛል፣ ሌላው ይሸከመዋል።»

«ይሄ ሕግ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጣልከኝ ጀምሮ። ለአንተም ተለቅሶልሃል፣ አንተም መጥተሃል። እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ፤ እንዲህ ሁልጊዜ መነሣት አልችልም።» የመጨረሻዋን ሲናገር ስቆ ነው፣ ግን ዓይኑን ከሳጥኑ ላይ አላነሣም።

እሺ አልኩት። ምን ልበል? አስጥሎኛል፣ ጫማውን ሰጥቶኛል።

ከዚያ ወዲህ መጋቢት በመጣ ቁጥር ስልክ ይደወላል። «ሳጥኑ ተወልውሏል» ይለኛል ጂም። አንድ ዓመት ወገቤን አመመኝ አልኩ፤ አንድ ዓመት በሁዳዴ ሬሳ መሆን አይፈቀድም አልኩ፤ አንድ ዓመት በዘነበች አሳበብኩ፣ እሷም አላሳፈረችኝም፣ «ግባና አላወጣህም!» ብላ ስልኩ እስኪሰማ ጮኸች። በየዓመቱ እሄዳለሁ፣ ከኋላ በግራ በኩል እሸከማለሁ፣ ጫማዬ ውስጥ ገበር ጨምሬ ቁመቴን ከፍ አድርጌ። ጂም ከውስጥ አንኳክቶ «ይሄ ከዕዳው አይቆረጥም!» ይለኛል።

እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ። በዚያን ቀን ጋራዥ ውስጥ ጂም ሻይ ላምጣ ብሎ ሲገባ፣ ማንም እንዳላየኝ አረጋግጬ ሳጥኑ ውስጥ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆም አልኩበት። ጫማው ሰፍቶኝ ነበር። ሳጥኑ ግን ትክክል ልኬ ነው። ስለዚህ ዕዳው አለብኝ፣ አልካድኩም፤ ብቻ አልቸኩልም።